ዴቪድ ጊልሞር ለብቻው፦ ከአምስቱ አልበሞች የቱን ላስቀድም?

የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን የሚወድ ሰው አንድ ቀን እዚህች ጥያቄ ላይ ይደርሳል። የባንዱን አልበሞች ሰምቶ ጨርሷል። የ«ኮምፈርተብሊ ነምብ»ን የጊታር ሶሎ ከነመጎተቱ በአፉ ያዜማል። ከዚያ «ጊታሪስቱ ጊልሞር በግሉ የሠራውስ?» ብሎ ፍለጋ ይገባል። አምስት የስቱዲዮ አልበሞች ይመጡለታል። በዚያ ላይ የኮንሰርት ቅጂዎች አሉ፤ የለንደኑ፣ የግዳንስኩ፣ የፖምፔዩ። አንዱን ከፍቶ ግማሽ ላይ ይተወዋል። ሌላውን ይሞክራል። በመጨረሻ ግራ ገብቶት ወደ ባንዱ ይመለሳል።

እኔ የጀመርኩት በተራ ነበር። ቀድሞ የወጣውን ቀድሞ መስማት ትክክል መስሎኝ። የ1978ቱን አልበም ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ «አይከፋም» አልኩ፣ ዘጋሁት። ወደ ቀሪዎቹ ለመመለስ ዓመታት ፈጀብኝ። እናንተ እንደኔ ዙሪያ ጥምጥም እንዳትሄዱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

## ረጅም ነው፣ ብዙ ግን አይደለም

ጊልሞር በ1946 ካምብሪጅ ውስጥ ተወለደ። ፒንክ ፍሎይድን የተቀላቀለው በ1967 መጨረሻ ላይ፣ የባንዱ መሪ ሲድ ባሬት መጫወት እያቃተው ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን የግል አልበሙን በ1978 አወጣ። አምስተኛውን በ2024። በመሃል 46 ዓመት አለ። ለአምስት አልበም!

ክፍተቱም እኩል አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 22 ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። የባንዱ ቤዝ ተጫዋችና ዋና ገጣሚ ሮጀር ዋተርስ በ1985 ለቆ ሲወጣ ፒንክ ፍሎይድን የመምራቱ ነገር እሱ ላይ ወደቀ፤ የ1987ቱና የ1994ቱ የባንዱ አልበሞች በእሱ መሪነት ወጡ። አንድ አልበም አሥር ዓመት ሲጠበቅ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ 22 ግን ለኛም ይበዛል።

ስለዚህ እነዚህን አልበሞች ደረጃ በደረጃ እንደወጣ መሰላል ማየት አያስኬድም። የ32 ዓመት ሰው፣ የ38 ዓመት ሰው፣ ከዚያ ድንገት የ60 ዓመት ሰው ነው የምትሰሙት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱና የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የአንድ ሰው ሥራ መሆናቸውን የሚያሳብቀው ጣቱ ብቻ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት መለኪያ ይዣለሁ። አራቱ ማንም የሚያስባቸው ናቸው።

አንደኛ፣ ጊታሩ ምን ያህል ቦታ አለው? ብዙ ሰው ጊልሞርን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ግጥሙ። ይህ ሰው በዜማና በድምፅ አይታማም፤ ቃላት ግን ሁልጊዜ ይቸግሩታል። ማን ጻፈለት የሚለው ልዩነት ያመጣል። ሦስተኛ፣ ለፒንክ ፍሎይድ ድምፅ ምን ያህል ይቀርባል? አራተኛ፣ ምን ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል? አንዳንዱ ታክሲ ውስጥም ይሰማል፤ አንዳንዱ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ተቀምጦ ካልሆነ አይገባም።

አምስተኛውን ዘግይቼ ነው ያገኘሁት፦ አጠገቡ ማን ተቀምጧል?

ላብራራ። ጊልሞር ፈጣን ጊታሪስት አይደለም። አንድ ኖታ ይይዝና ይጎትተዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስለቅሰዋል። ሶሎዎቹ የተነሡት ከብሉዝ ነው፤ ብሉዝ ደግሞ በአምስት ድምፅ ላይ የሚቆም ሙዚቃ ነው። በአምስት ድምፅ ቅኝት ያደገ የኛ ጆሮ ቶሎ የሚለምደው ለዚህ ይመስለኛል። ግን ያ ረጅም ኖታ ብቻውን አይቆምም። ከሥር ምንጣፍ የሚያነጥፍለት ሰው ይፈልጋል። ፒንክ ፍሎይድ ውስጥ ያ ሰው ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ነበር። ዝምተኛ ሰው። «ኤኮስ» በሚባለው የባንዱ ዘፈን ላይ ሁለት ድምፅ እንደ አንድ ሆኖ ሲዘፍን የምትሰሙት የጊልሞርና የራይት ነው። ያንን ሳይኬደሊክ የምንለውን፣ ሕልም ውስጥ የመንሳፈፍ ስሜት፣ ከማንም በላይ ያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዱን አልበም ስከፍት አሁን የምጠይቀው «ራይት የት አለ?» ብዬ ነው። መልሱ ራሱ አንድ ታሪክ ይሠራል።

## «ዴቪድ ጊልሞር» (1978)

ዓመቱ ባንዱ የደከመበት ነው። ጊልሞር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደ፤ ሱፐር ቤር የሚባል ስቱዲዮ ገባ። ቤዝ ሪክ ዊልስ፣ ድራም ዊሊ ዊልሰን። ከፒንክ ፍሎይድ በፊት ጀምሮ የሚያውቃቸው የልጅነት ጓደኞቹ ናቸው። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ብዙም ጌጥ የለም።

ጊታር ለሚወድ ሰው ይህ ጥጋብ ነው። ከዘጠኙ ሥራዎች ሦስቱ ግጥም የላቸውም። የመክፈቻው «ሚሃሊስ» ፀሐይ እንደሚሞቅ ሰው ዘና ያለ ነው። ከዘፈኖቹ ጎልቶ የሚወጣው «ዜርስ ኖ ዌይ አውት ኦቭ ሂር» ነው፤ ግን እሱ የራሱ አይደለም። ራሱ አልበም ያዘጋጅላቸው የነበሩ ዩኒኮርን የሚባሉ ልጆች ዘፈን ነው። ምርጡ ዘፈን የሰው መሆኑ ስለ ግጥሙ ነገር ብዙ ይናገራል።

አንድ አስቂኝም አሳዛኝም ነገር አለ። በዚህ አልበም ሥራ መጨረሻ ላይ ጊልሞር አንድ ዜማ አወጣ፤ ጊዜ ስላለቀ ሳይጠቀምበት ቀረ። ያ ዜማ በኋላ «ኮምፈርተብሊ ነምብ» ሆነ። የአልበሙ ትልቁ ዘፈን አልበሙ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ራይትስ? እዚያው ስቱዲዮ ነበር። በቀልድ አይደለም የምለው። ጊልሞር ሲወጣ ራይት ገብቶ የራሱን የመጀመሪያ አልበም ቀዳ፤ በዚያው በ1978 ወጣ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቤት በየተራ፣ አንዱ ያለ ኪቦርዲስቱ፣ ሌላው ያለ ጊታሪስቱ። ሁለቱን አልበሞች አከታትላችሁ ብትሰሙ የአንዱ ጉድለት ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

## «አባውት ፌስ» (1984)

ይህን ቶሎ ልለፈው፤ ከአምስቱ በጣም ያረጀው እሱ ነው። ያረጀው በዓመት ብዛት አይደለም፤ የ1978ቱ ይበልጠዋል። በድምፁ ነው። ድራሙ የሚያስተጋባ፣ ኪቦርዱ የሚያብረቀርቅ፣ ነሐስ መሣሪያው ጣልቃ የሚገባ፤ የዘመኑ ልብስ ለብሶ የቀረ።

ባለሙያዎቹ ግን ጉድ ናቸው። አብሮ ያዘጋጀው ቦብ ኤዝሪን ነው፤ «ዘ ዎል»ን ከባንዱ ጋር የሠራው። ድራም የቶቶ ባንዱ ጄፍ ፖርካሮ፣ ቤዝ ፒኖ ፓላዲኖ፣ ኪቦርድ ላይ ስቲቭ ዊንዉድና የዲፕ ፐርፕል ባንዱ ጆን ሎርድ። ግጥም ሲቸግረው ዘ ሁ ከሚባለው ባንድ ፒት ታውንሸንድን ጠየቀ፤ ሁለት ዘፈኖች ጻፈለት። «መርደር» የተሰኘው የጆን ሌነን መገደል ያስቆጣው ዘፈን ነው፤ በለስላሳ ጊታር ይጀምርና ይፈነዳል። ከአልበሙ አንድ ዘፈን ብቻ ውሰዱ ከተባለ እሱን ውሰዱ።

በዚህ ጊዜ ራይት ከባንዱ ተገፍቶ ወጥቷል። እዚህ አልበም ላይም የለም። ቦታውን ለመሙላት የተጠራው ሰው ብዛት ራሱ ይናገራል።

## «ኦን አን አይላንድ» (2006)

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

በ60ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆነ፤ ከእሱ በኋላ የወጡት ሁለቱም እንደዚያው። አብረውት ያዘጋጁት ፊል ማንዛኔራና ክሪስ ቶማስ ናቸው። ብዙው ሥራ የተሠራው ቴምዝ ወንዝ ላይ ታስራ በምትቀመጥ አስቶሪያ በምትባል ጀልባው ውስጥ ባለው ስቱዲዮ ነው። ሙዚቃው ውኃ ውኃ ቢል አይገርምም።

የግጥሙ ችግር እዚህ ተፈታ። ሚስቱ ፖሊ ሳምሰን ደራሲ ናት። በ1994 የባንዱ አልበም ላይ መጻፍ ጀምራ ነበር፤ እዚህ ዋና ገጣሚው ሆነች። ስለ ባሕር፣ ስለ ሌሊት፣ አብሮ ስለ ማርጀት ነው የሚዘፈነው። ጩኸት የለም። የክስ ጣት የለም። በሮጀር ዋተርስ ቁጣ ተማርካችሁ ወደ ፍሎይድ የመጣችሁ ከሆነ ይህ አልበም ያንገላጅጃችኋል። እውነቱን ልናገር፤ እኔም መጀመሪያ እንቅልፍ ወስዶኛል።

ግን የርዕሱን ዘፈን በደንብ ስሙት። ዴቪድ ክሮዝቢና ግራም ናሽ በድምፅ ይደግፉታል። ከሥር አንድ ሃሞንድ ኦርጋን አለ፤ ልብ ካላላችሁት አትሰሙትም፣ ቢወጣ ግን ዘፈኑ ይወድቃል። ያ ራይት ነው። ተመልሷል። «ዘ ብሉ» ላይም በድምፅ አለ። ጊልሞር እዚያ መጨረሻ ላይ የሚጫወተው ሶሎ ከፍ እያለ፣ እያለ ሄዶ እንደ ወፍ ድምፅ ይቀጥናል። ለኔ ከባንዱ ውጭ የተጫወተው ምርጥ ሶሎ እሱ ነው። በዚህ የሚከራከረኝ ብዙ ሰው አለ።

የኦርኬስትራውን ቅንብር ፖላንዳዊው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ዝቢግኔቭ ፕራይስነር ሠራው። ሮበርት ዋያት ኮርኔት የሚባለውን ትንሽ መለከት ይነፋል። ጊልሞር ራሱ በአንድ ሥራ ላይ ሳክስፎን ይሞክራል፤ እንደ ጊታሩ አይሆንለትም ግን ይጥማል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ሰምታችሁ ሳትጨርሱ አትፍረዱበት።

## «ራትል ዛት ሎክ» (2015)

ይህኛው ከፊተኛው የበለጠ ተለዋዋጭ ነው። የርዕሱ ዘፈን የተነሣው ከባቡር ጣቢያ ነው። ጊልሞር ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ጣቢያ ቆሞ ከማስታወቂያው በፊት የምትሰማዋን አራት ኖታ የጥሪ ድምፅ ሰማ፣ በስልኩ ቀዳት፣ ዘፈን ሠራባት። ፖሊ ሳምሰን ግጥሙን «የጠፋው ገነት» ከተሰኘው የጆን ሚልተን ረጅም ግጥም ተነሥታ ጻፈችው። የባቡር ጣቢያ ደወልና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰይጣን በአንድ የሚያስጨፍር ዘፈን ውስጥ! ታክሲ ውስጥ የሚሰማ አልበም ካላችሁኝ እሱን እሰጣችኋለሁ።

«ኢን ኤኒ ታንግ» የጦርነት ዘፈን ነው፤ የጊታር ወዳዱ ሰው ከዚህ አልበም የሚፈልገው እሱን ነው። ፒያኖው ላይ ልጁ ገብርኤል አለ። «ፌስስ ኦቭ ስቶን» የጊልሞርን እናት የመርሳት በሽታ ስለያዛት ጊዜ ነው። ጃዝ የሚመስልም አንድ አለ፤ አንዳንዱ ይወደዋል፣ እኔ አልፈዋለሁ።

ራይት በመስከረም 2008 በካንሰር ሞቷል። ስለዚህ እዚህ መጫወት አይችልም። ግን «ኤ ቦት ላይስ ዌቲንግ» አለ። ራይት ባሕርና ጀልባ ወዳድ ነበር፤ ዘፈኑ የተሠራለት ለእሱ ነው። ፒያኖ ቀስ ብሎ ይገባል፣ የራይት የራሱ የተቀዳ የንግግር ድምፅ በመሃል ብቅ ይላል፣ ክሮዝቢና ናሽ ከኋላ ያዜማሉ። ሙሾ ነው ማለት ይቻላል፤ ለቅሶ የሌለበት ሙሾ። ሌላውን ሁሉ ባትሰሙ ይህን ስሙ።

## «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ» (2024)

በ78 ዓመቱ ያወጣው። እኔ አልጠበቅኩትም ነበር። በ2019 ጊታሮቹን ክሪስቲስ በሚባለው አጫራች በኩል ኒውዮርክ ላይ ሸጠ። ጥቁሯ ስትራቶካስተር ጊታሩ ብቻዋን 3 ሚሊዮን 975 ሺህ ዶላር አወጣች። አጠቃላዩ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ገንዘቡም አየር ንብረት ላይ ለሚሠራ የሕግ ድርጅት ተሰጠ። ሰውየው መሣሪያውን ሰቀለ ብለን ነበር። እሱ ግን በአዲስ ጊታር ተመለሰ። ጣት እንጂ ጊታር አይደለም ለሚሉ ሰዎች ማስረጃ ተገኘላቸው።

ትልቁ ለውጥ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ቻርሊ አንድሩ፣ አልት ጄ ከሚባለው ባንድ ጋር የሠራ ወጣት ነው፤ ለፒንክ ፍሎይድ ስም ልዩ አክብሮት ይዞ አልመጣም። ጊልሞር ራሱ እንደተናገረው፣ «እዚህ ጋ ሶሎ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ዘፈኖችህ ሁሉ ድምፃቸው እየቀነሰ ነው እንዴ የሚያልቁት?» ይለዋል። ይህን ለጊልሞር የሚለው ሰው ለ40 ዓመት አልነበረም። ውጤቱ ይሰማል። አልበሙ አጠር ያለ፣ የተጠረበ ነው፤ ሶሎ ሲመጣ ምክንያት ኖሮት ይመጣል።

ቤተሰቡ በሙሉ ገብቷል። ግጥሙ የፖሊ ነው፤ በአንዱ ላይ ልጇ ቻርሊ ተሳትፏል። ሴት ልጁ ሮማኒ በገና መሰል የፈረንጅ ሃርፕ ትጫወታለች፤ «ቢትዊን ቱ ፖይንትስ»ንም እሷ ትዘፍነዋለች። በኮሮና ጊዜ ቤተሰቡ ከቤቱ በቀጥታ ያሰራጭ በነበረው ዝግጅት ላይ ሰምተናት ነበር። ዘፈኑ የሌላ ባንድ ነው፤ አባትየው መጨረሻ ላይ በጊታር ሲገባ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ግጥሞቹ ስለ ማርጀትና ስለ መሞት ናቸው፤ ግን አያለቃቅሱም።

የርዕሱ ዘፈን ላይ ያለውን ኪቦርድ ስሙት። ራይት ነው። አዎ፣ የሞተው ራይት። በ2007 ከ«ኦን አን አይላንድ» ጉዞ በኋላ አብረው በጊልሞር ግቢ ባለ መጋዘን ውስጥ ለመዝናናት የተጫወቱት ተቀድቶ ነበር። ጊልሞር 17 ዓመት አስቀምጦት ዘፈን ሠራበት።

## የመድረክ ቅጂዎቹስ?

ግራ ከሚያጋባው ግማሹ እዚህ ነው፤ ባጭሩ ልለየው።

«ኢን ኮንሰርት» በ2002 የወጣ ዲቪዲ ነው። ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል የተቀዳ፣ አብዛኛው በአኮስቲክ፣ ከኋላ መዘምራን ያሉበት። ራይት እንግዳ ሆኖ መጥቶ አንድ የራሱን ዘፈን ይዘፍናል። ማታ ለብቻ ለሚያይ ሰው።

«ሪመምበር ዛት ናይት» (2007) ሮያል አልበርት ሆል ነው። ዴቪድ ቦዊ ወጥቶ «ኮምፈርተብሊ ነምብ»ን ይዘፍናል። ለቦዊ ሲባል አንዴ ይታያል።

«ላይቭ ኢን ግዳንስክ» (2008) ግን ሌላ ነገር ነው። ነሐሴ 2006፣ ፖላንድ፣ የሶሊዳሪቲ የሠራተኞች ንቅናቄ የተወለደበት የመርከብ ግንቢያ ቦታ፤ 50 ሺህ ሰው፤ ፕራይስነር ኦርኬስትራውን ይመራል። «ኦን አን አይላንድ» በሙሉ አለ። ቀጥሎ የባንዱ ዘፈኖች ይመጣሉ። ከዚያ «ኤኮስ»፣ ከ20 ደቂቃ በላይ፣ ከራይት ጋር። ሁለቱ ሽማግሎች በመሃል ላይ በጊታርና በኦርጋን ሲጠያየቁ እንደ ልጆች ናቸው። ቅጂው ገበያ የወጣው ራይት ከሞተ ከሳምንት በኋላ ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዲስክ ያለው የተለያየ እትም አለ፤ ሁለት ሲዲ ያለው ይበቃችኋል። የቀረው ለሰብሳቢ ነው።

«ላይቭ አት ፖምፔይ» (2017) ለዓይን ምርጡ ነው። ፒንክ ፍሎይድ በ1971 ያለ ተመልካች ፊልም የቀረፀበት የሮማውያን ስታዲየም ውስጥ፣ ከ45 ዓመት በኋላ በ2016፣ አሁን ከሰው ጋር። እሳቱ፣ መብራቱ፣ ድንጋዩ። ግን «ኤኮስ» የለም፤ የ1971ዱ ፊልም የጀመረውም የጨረሰውም በዚያ ዘፈን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያስተውል አያልፍም።

## በአንድ እይታ

| አልበም | ጊታር | ግጥም | ለፍሎይድ ቅርበት | የሚጠይቀው ትዕግሥት | ራይት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዴቪድ ጊልሞር (1978) | ብዙ፣ ያልተቀባባ | ደካማ | መካከለኛ | ትንሽ | የለም |
| አባውት ፌስ (1984) | መካከለኛ | ድብልቅ | ዝቅተኛ | ትንሽ | የለም |
| ኦን አን አይላንድ (2006) | ጥቂት ግን ምርጥ | ጥሩ፣ ለስላሳ | ከፍተኛ | ብዙ | አለ |
| ራትል ዛት ሎክ (2015) | መካከለኛ | ጥሩ፣ ተለዋዋጭ | መካከለኛ | መካከለኛ | በትዝታ |
| ላክ ኤንድ ስትሬንጅ (2024) | የተመጠነ | ከሁሉ የበሰለ | መካከለኛ | ትንሽ | በ2007 ቅጂ |
| ላይቭ ኢን ግዳንስክ (2008) | በጣም ብዙ | የሁሉም | ከሁሉ የቀረበ | ሰፊ ጊዜ | አለ፣ ሙሉ |

## እንግዲህ ለማን የቱ?

በሞባይል ዳታ ለሚሰማ። ሙሉ አልበም አታባክኑ። ሦስት ዘፈን ብቻ፦ «ዘ ብሉ»፣ «ኤ ቦት ላይስ ዌቲንግ»፣ «ቢትዊን ቱ ፖይንትስ»። ከሦስቱ አንዱ ከያዛችሁ ያለበትን አልበም ትቀጥላላችሁ። ሦስቱም ካልያዟችሁ ጊልሞር ለብቻው የእናንተ ሰው አይደለም፤ ዳታችሁን አትርፋችኋል። ቪዲዮውን ትታችሁ ድምፁን ብቻ በሚያጫውት አፕ ስሙ፣ ጥቅሉ ይበረክታል። በስልኩ ስፒከር ግን በፍጹም! ተራ ኢርፎን ይሻላል። ይህ ሙዚቃ ግማሹ ዝም ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ስፒከሩ ያንን ይበላዋል።

ምንም መክፈል ለማይፈልግ። ዩቲዩብ ላይ በራሱ ቻናል የተለቀቁ የኮንሰርት ቁራጮች አሉ። ከፖምፔይ ጀምሩ፤ ዓይንም ጆሮም ይጠግባል።

ወርኃዊ ክፍያ ላለው። «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ»ን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች። አዲስ ሰው ሳይሰለች የሚጨርሰው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ፦ 2015፣ 2006። የ1978ቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሰውየውን ካወቃችሁት በኋላ ያ አልበም ሌላ ሆኖ ይመጣል፤ እኔ ላይ የሆነው እንደዚያ ነው።

ለአንድ ግዢ ብቻ ገንዘብ ላለው። ግዳንስክ። ሁለቴ አላስብም። አንድ አልበም በሙሉ፣ የባንዱ ዋና ዋና ዘፈኖች፣ ራይትም አብሮ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሰዎች ሁለተኛ እጅ ሲዲ የሚሸጥበት ቤት ስትገቡ አይናችሁን ጣሉ።

ጊታር ለሚማር። የ1978ቱ። ሌላው ሁሉ በኦርኬስትራና በኪቦርድ ተሸፍኗል፤ እዚህ ጣቱ ራቁቱን ነው። ምን እንዳደረገ ይሰማል። በ2006 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልበሞች ድምፃቸው ተጠርጎ እንደገና ወጥተዋል፤ ከድሮው ሲዲ ያንን ምረጡ።

ሸክላ ለሚሰበስብ። የማጫወቻችሁ መርፌ ጥሩ ካልሆነ «ኦን አን አይላንድ»ን በሸክላ አትግዙ፤ ጸጥ ያለው ቦታ ላይ የሚንጫጫው መርፌው ይሆናል። የ1978ቱና የ1984ቱ ግን ዘመናቸው የሸክላ ዘመን ነው፣ ይስማማቸዋል።

ሮክ ለማይወድ ሰው ስጦታ ለሚፈልግ። «ራትል ዛት ሎክ»። ለእናታችሁም ቢሆን።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ»ን ስትገዙ ወይም ስታወርዱ መጨረሻው ላይ ተጨማሪ ሥራ ያለበትን እትም ፈልጉ። የ2007ቱ የመጋዘን ጨዋታ እንዳለ፣ ሳይቆረጥ፣ 14 ደቂቃ ያህል አለበት። ዘፈን አይደለም፤ ግጥም የለውም፣ መድረሻም የለውም። ጊልሞር አንድ ነገር ይጀምራል፣ ራይት ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ከሥሩ ይገባል።